ሞተር አጥፍቶ ቁልቁል

አማቱ የጋራዡን በር በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ መካኒኩ በጀርባው ተንጋሎ ከፒካፑ ስር ነበር። መጀመሪያ ያየው ጫማቸውን ነው፤ በክሊኒኩ ሲያዋልዱ የሚያደርጉትን ነጩን ጫማ። ያ ጫማ በዚህ ዘይት በጠጣ ወለል ላይ ቆሞ አያለሁ ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ልጃቸውን ካገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቀን ደጁን ረግጠው አያውቁም።

«ውጣ ከዚያ» አሉት።

መፍቻውን እንደያዘ ተንፏቆ ወጣ። አማቱ ጥቁሩን የማዋለጃ ቦርሳቸውን በደረታቸው አቅፈዋል።

«ይሄ ጩኸታም መኪናህ ይሄዳል?»

ስድብ ይሁን የምር ጥያቄ ሊለየው አልቻለም። እሱና አማቱ ዓይንና ናጫ የሆኑት በዚሁ መኪና ነው። ሥራው የመኪና ጭስ ማውጫ መበየድና መቀየር ስለሆነ ሰፈሩ «ማርሚታው» ይለዋል። የሰው መኪና ሲሆን ማርሚታውን፣ ያንን ድምፅ የሚያፍን ጣሳ፣ አሳምሮ ይገጥማል። ለራሱ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ሲሆን ግን ቆርጦ ጣለው። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ እየቆየ፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ በራሱ እጅ አጣሞ ከሞተሩ እስከ ኋላ ዘረጋ። ከተጋጨ የጭነት መኪና ያወጣውን ቱርቦ፣ ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የሚነፋውን ዕቃ፣ አጥቦ ገጠመ። ሞተሩ እንደልቡ አየር እንዲስብ ብሎ የአየር ማጣሪያውን ከነሳጥኑ አውጥቶ በምትኩ ክፍት ማጣሪያ ሰካ። የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን አጥብቆ ነዳጁን ጨመረና ማንም እንዳይነካው ብሎኑ ላይ ቀይ ቀለም ቀባበት። ፒካፑ ዳገት ሲወጣ አንበሳ ይሆናል። በማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ስር ሲያልፍ ደግሞ ውስጥ ያሉት አራስ ሕፃናት ሁሉ አንድ ላይ ያለቅሳሉ። አንድ ቀን አማቱ መንገድ መሃል ቆመው አስቁመውታል። «እዚህ የሚወለዱ ልጆች መጀመሪያ የሚሰሙት የእናታቸውን ድምፅ ነው እንጂ ያንተን ጭስ ማውጫ አይደለም» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ።

«የት ነው የሚሄደው፣ እማማ?»

«ሚስትህ ምጥ ይዟታል።»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ሚስቱ የወንዝ ውሃ ለኪ ናት። ከተራራው ጀርባ፣ ወንዙ ከሚነሳበት ሸለቆ ባለችው የመለኪያ ጣቢያ ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጋር ትኖራለች። ተተኪዋ በአሥር ቀን ውስጥ ደርሶ ልትወርድ ነበር፤ መውለጃዋ ገና አንድ ወር ይቀረዋል። ዛሬ ጠዋት ግን እንደ ሁልጊዜው የውሃውን ልክ ለመናገር ለክሊኒኩ በሬዲዮ ስትደውል፣ ልኩን ከተናገረች በኋላ «እማዬ፣ ሽርት ውሃዬ ፈሷል» አለች።

«በታችኛው መንገድ…»

«ድልድዩን ሌሊት ደራሽ ውሃ ወስዶታል። እሷው ናት የነገረችኝ። አምቡላንሱ ደግሞ የላይኛውን መንገድ አይሞክረውም።»

«የላይኛው መንገድ መንገድ አይደለም እኮ። ሜዳው አለ፣ ዱሩ አለ፣ ከዚያ ያ ዳገት…»

«ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይሄዳል።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማው ወጡ። በማዋለጃ ክፍሉ ስር ሲያልፉ ሕፃናቱ አለቀሱ። አማቱ ዓይናቸውን ከፊታቸው መንገድ ላይ አልነቀሉም።

አስፋልቱ አልቆ ነጩ ሜዳ ተከፈተ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ደረቅ ጭቃ ብቻ፣ እንደ ተሰነጠቀ ሳህን እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቷል። መንገዱን የሚያሳዩት በየመቶ እርምጃው የተተከሉ ነጭ ቀለም የተቀቡ እንጨቶች ናቸው። ከእንጨቶቹ መስመር የወጣ መኪና ከስሱ ቅርፊት ስር ባለው ማጥ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሁለት ጭነት መኪኖች እዚያ ቀርተው ጣሪያቸው ብቻ ይታያል። መካኒኩ ነዳጁን ረገጠው። ቱርቦው አፏጨ፣ ቱቦው አገሳ፣ ፒካፑ ከኋላው የአቧራ ጅራት እየጎተተ በረረ። ሚስቱ ታወሰችውና የበለጠ ረገጠ።

«ያ ምንድነው?» አሉ አማቱ።

በስተቀኝ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። ግድግዳ ይመስላል፤ ግን ይሄዳል። መካኒኩ ምን እንደሆነ ለመናገር አፉን ሳይከፍት አውሎው ደረሰ። ፒካፑ በጎኑ ተመታ። አሸዋው መስታወቱን እንደ ጠጠር ገረፈው፤ ከአፍንጫው ፊት ያለው የሞተር ክዳን እንኳ ጠፋው። ፍሬን ያዘ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለው። ከዚያ ደገመ።

ያኔ ነው የሠራው ስህተት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ የወረደበት። አየር ማጣሪያው ክፍት ነው። ሳጥኑን አውጥቶ የጣለው እሱ ራሱ ነው። ይሄ ሁሉ ደቃቅ አሸዋ እየተሳበ ወደ ቱርቦው፣ ከቱርቦውም ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ ነው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ከቆየ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ተፍቆ ያልቃል።

«ጨርቅ ያስፈልገኛል! ለስላሳ!»

አማቱ ጥያቄ አላበዙም። የክት ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው ሰጡት። በሩን በትከሻው ታግሎ ከፍቶ ወጣ፣ ክዳኑን ገልጦ፣ ሻሹን በዘይት አርሶ ማጣሪያው ላይ ጠመጠመውና በሽቦ አሰረው። ሲመለስ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነጭ ነበር።

«ይተነፍሳል፤ ግን እንጨቶቹን ማየት አልችልም። እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ሊመሽም ይችላል።»

አማቱ የተበተነውን ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው አሰሩ። «ገመድ አለህ?»

«እማማ፣ እርስዎ አይወጡም! እኔ…»

«አንተ ከወጣህ ማን ይነዳዋል? መንዳት አልችልም፤ መራመድ ግን እችላለሁ።»

የገመዱን አንድ ጫፍ ከመኪናው ፊት፣ ሌላውን ከወገባቸው አሰረ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የክሊኒኩን ጃኬት ኮሌታ ወደ አፍንጫቸው ስበው ጎንበስ ብለው አውሎው ውስጥ ገቡ፤ በሦስተኛው እርምጃ ከዓይኑ ተሰወሩ። የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ገመዱ ሲወጠር ይነዳል፣ ሲላላ ይቆማል። እንጨት ሲያገኙ ሁለቴ ይስቡታል። መካኒኩ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በዕድሜው ሙሉ ነድቶ በማያውቀው ዝግታ፣ የአንዲት ሴት እርምጃ ተከትሎ ሄደ። አንድ ጊዜ ገመዱ ድንገት መሬት ላይ ወደቀ። በሩን ሊከፍት ሲል ገመዱ ተነሣ፤ ተደናቅፈው ኖሯል። ሁለቴ ሳቡ።

አርባ ሦስት እንጨት ቆጠረ። በአርባ አራተኛው ላይ ነፋሱ ደክሞ ሰማዩ ገለጥ አለ፤ አማቱ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ነጭ ጫማቸው ቡናማ ሆነው እንጨቱን ተደግፈው ቆመው ነበር። ወርዶ ውሃ አቀረበላቸው። ተጉመጥምጠው ተፉና «ሻሼን ታጥብልኛለህ» አሉት።

«በዘይት ተነክሮ…»

«ታጥበዋለህ አልኩህ።»

በስድስት ሰዓት ዱሩ ዋጣቸው። ዛፎቹ ከላይ ገጥመው ብርሃኑን አረንጓዴ አድርገውታል፤ መንገዱ የሁለት ጎማ አሻራ ብቻ ነው። የጭስ ማውጫው ድምፅ ከግንድ ግንድ እየተላተመ በእጥፍ ይመለሳል። ወፎች በመንጋ እየተነሡ ከፊታቸው ይሸሻሉ።

አንዱን ኩርባ እንደዞሩ መንገዱ መሃል ዝሆን ቆሟል።

ብቻውን የሚሄድ ወንድ ነው። አንዱ ጥርሱ ከሥሩ ተሰብሯል፤ ጎኑ ላይ የደረቀ ጭቃ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ከፒካፑ እስከ እሱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ድምፅ ካሰማሁት ይሸሻል» አለ መካኒኩ በሹክሹክታ።

«አይመስለኝም።»

ነዳጁን ረግጦ ሞተሩን አስጮኸው። ቱቦው እንደ መድፍ ፈነዳ። ዝሆኑ ጆሮዎቹን እንደ ሁለት በር ከፈተ። ኩምቢውን ጠቅልሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መጣ።

«ወደ ኋላ!» ጮኹ አማቱ። «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ!»

መካኒኩ የኋላ ማርሽ አስገብቶ አንገቱን ጠምዝዞ ነዳ። ቅርንጫፍ የጎን መስታወቱን መንጥቆ ወሰደው። ፒካፑ እየዘለለ ወደ ኋላ ሲበር፣ ዝሆኑ ክዳኑን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ሲርቅ፣ ሲቀርብ፣ ዱሩ ሁሉ በእግሩ ተንቀጠቀጠ። የኋላ ጎማው ግንድ ላይ ወጥቶ ተላተመና ቆሙ። መሄጃ የለም። የመካኒኩ እግር እንደገና ወደ ነዳጁ ሄደ።

የአማቱ እጅ ጉልበቱን ያዘው። ጠንካራ እጅ ነው።

«አጥፋው።»

«እማማ…»

«የሚያናድደው ጩኸቱ ነው። አጥፋው!»

ቁልፉን አጠፋ። ዝምታው ጆሮ ደፈነ። ዝሆኑ አምስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ አቧራው አልፎት መጥቶ መስታወቱ ላይ አረፈ። ትንፋሹ ይሰማል። ትንሿን ዓይኑን ወደ እነሱ አዙሮ ረጅም ጊዜ አያቸው። መካኒኩ የልቡን ምት በጥርሱ ሳይቀር ሰማው። ከዚያ ዝሆኑ ኩምቢውን ዘርግቶ የሞተሩን ክዳን አሸተተ፣ አቃጥሎት ኖሮ ቶሎ ሰበሰበው፣ ፊቱን አዞረና ቅጠሉን እየገፋ ዱሩ ውስጥ ገባ። ያን የሚያህል ሥጋ ኮሽታም ሳያሰማ ጠፋ።

አማቱ ጉልበቱን ለቀቁት። የጣቶቻቸው አሻራ ሱሪው ላይ ቀርቶ ነበር።

«ምጥ ላይ ባለች ሴት ላይ የሚጮኽ ሰው አጋጥሞኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ከክፍሉ ነው የማስወጣው።»

ዱሩ አልቆ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ሰንሰለት ተወጥሯል። ከሰንሰለቱ ጀርባ ግንድ የተከመረበት ሜዳ፣ የሞተር መጋዞች፣ አንዲት ክፍት ጂፕና አምስት ሰዎች። በመንግሥት ጥብቅ ዱር ውስጥ ግንድ የሚቆርጡ ሌቦች እንደሆኑ ለመረዳት መጠየቅ አያስፈልግም። ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው አለቃቸው በመካኒኩ መስኮት በኩል መጥቶ ክንዱን በሩ ላይ አስደገፈ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ።

«ከሜዳው ጀምሮ ስንሰማህ ነበር» አለ። «ይሄ የማነው ጉልበት እያልን። ግንድ ከገደል የሚጎትትልን አጥተን ነው የቆምነው። ቁልፉን ወዲህ በል።»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት» አሉ አማቱ። «አዋላጅ ነኝ። ልቀቁን።»

«ነገ ትሄዳላችሁ፣ እናቴ።»

«ለሷ ነገ የለም። ሰምተኸኛል?»

ባለባርኔጣው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለመካኒኩም እጁን ዘረጋ። መካኒኩ በዓይኑ ጥግ አካባቢውን ለካ። ሰንሰለቱን መበጠስ አይቻልም። ከቀኙ ዛፍ ወዲያ ግን አፈር የለበሰ ጉብታ አለ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ በጤና ሰው አይሞክረውም። ከጉብታው ጀርባ መንገዱ ይቀጥላል።

«ቁልፉን እሰጥሃለሁ» አለ ድምፁን ለማለስለስ እየጣረ። «ግን ቱርቦው ግሏል። አሁን ባጠፋው ዘይቱ ውስጡ ይነድና ይጣበቃል፤ መኪናው ለእናንተም አይሆን። ሁለት ደቂቃ ሞተሩ እየሠራ በቁሙ ይብረድ።»

እውነቱን ነበር፤ ለዚህ ነው ያመኑት። ባለባርኔጣው ሲጋራ ለመለኮስ ወደ ጭስ ማውጫው በኩል ዞር አለ። መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ በቀስታ አንደኛ ማርሽ አስገባ።

«እማማ፣ ቀበቶዎ ጠብቋል?» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ከዝሆኑ ወዲህ አልፈታሁትም።»

ለቀቀው። ፒካፑ አፈሩን በአራቱም ጎማ ቆፍሮ ዘለለ። ቱቦው በሆዱ ያጠራቀመውን ጥቁር ጭስ በሙሉ አንድ ላይ ባለባርኔጣው ፊት ላይ ተፋው። አንድ ጥይት ጮኸ፤ የኋላው ብረት ላይ ጠቅ አለ። ጉብታው ከፊታቸው እንደ ግድግዳ ተነሣ፤ መካኒኩ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ሞተሩ አቃሰተ፣ አጓራ፣ አልለቅም አለ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጫፉን ይዘው ሳቡ፤ ከወዲያ በኩል በሆዳቸው ወድቀው፣ ነጥረው፣ መንገዱ ላይ ወጡ።

«ተገለበጥን?» አሉ ዓይናቸውን የጨፈኑት አማቱ።

«አልፈናል!»

ከኋላቸው ጂፗ ተነሣች።

ዳገቱ በኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ ደመና ድረስ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ኩርባዎች ፒካፑ ጂፗን ጥሏት ሄደ። መካኒኩ ሦስት ወር የለፋበት ነገር በእግሩ ጣት ስር ሲታዘዝለት ተሰማው፤ ሊስቅ ምንም አልቀረው። በሰባተኛው ኩርባ ላይ ግን የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር ነካ። በስምንተኛው ተሻገረው። ጭሱ በኋላ መስታወት ሌላ ነገር እስከማይታይ ድረስ ጠቆረ።

«ሳይፈነዳ አቁሙት ይላል ወይ ያ መለኪያ?» ጠየቁ አማቱ።

«ትንሽ ነው የቀረን።»

«ስማኝማ። ከግርጌው ጀምሮ ስሰማው ነው የመጣሁት። ላይ በወጣን ቁጥር ትንፋሽ እያጠረው ነው፣ አንተ ደግሞ ማጉረስህን አላቆምክም። የምትተነፍሰው አጥታ የምታስገድዳት ወላድ ብትኖር ምን እንደምትሆን ታውቃለህ?»

ያውቅ ነበር። ስለ ወላዷ ሳይሆን ስለ ሞተሩ። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ ለቆላው ሜዳ የለካው ነዳጅ እዚህ ላይ ሳይነድ ይቀራል፣ የሚነደውም ሞተሩን ይጠብሳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቀይ ቀለም የቀባበትን ብሎን ወደ ኋላ መመለስ። ጉልበቱን በገዛ እጁ መቀነስ። አራት ኩርባ ወደ ታች ርቃ ጂፗ ብቅ አለች።

ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ክዳኑን ሲገልጥ ግለቱ ቅንድቡን ለበለበው። መፍቻው ቀለሙ ላይ አንሸራተተው፤ ጣቱ ቱቦው ላይ ሄዶ ቆዳው ቀረ። ጮኸ፤ ግን እጁን አላነሣም። ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ብሎኑ ዞረ፤ ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ረጋ፤ ጭሱ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ምንም ሄደ።

«ሦስት ኩርባ ቀርቷቸዋል» አሉ አማቱ በመስኮት እያዩ፤ ድምፃቸው የሰው ሙቀት እንደሚለካ ሰው የረጋ ነበር።

ሄዱ። ቀስ ብለው ነው የሄዱት፤ መካኒኩ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ነርቩ አለቀ። መለኪያው ግን አንድ አንድ ፀጉር እያለ ከቀዩ ወረደ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጂፗ አንድ ኩርባ ብቻ ቀርቷታል።

ተራራው አናት ላይ ጭጋግ ነበር፤ መንገዱም ሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ተተወ የድንጋይ መፍለጫ ይወጣል፤ የቀኙ ወደ ጣቢያው ሸለቆ ቁልቁል ይጠልቃል። መሬቱ ዓለት ነው፤ የጎማ አሻራ አይዝም። መካኒኩ የቀኙን ይዞ ጥቂት እንደወረደ አንድ ነገር ገባው። እነዚህ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ያገኙት በጆሯቸው ነው። በጭጋግ ውስጥ ሌላ የሚከተሉት ነገር የላቸውም።

እጁ ወደ ቁልፉ ሄዶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቱርቦው ፍም ሆኗል። አሁን ከጠፋ አለቀለት፤ ያ ሁሉ ምሽት፣ ያ ሁሉ እጥበት፣ ያ ሁሉ ብየዳ። ፍሬኑም ያለ ሞተር እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል፣ በስተግራ ደግሞ ገደሉ አፉን ከፍቷል።

አጠፋው።

ማርሹን ነፃ አደረገ። ፒካፑ ዝም ብሎ፣ በነፋስ ድምፅ ብቻ፣ በጭጋጉ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ። አማቱ ገና የሆነውን ሲረዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከላያቸው የጂፗ ሞተር መጣ፤ መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ ጠፋ። እያዳመጡ ነው። የሰው ድምፅ፣ ክርክር። መካኒኩ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ ጭኖ፣ ወገቡን መቀመጫው ላይ ለጥፎ ይገፋል፤ ፒካፑ ግን ይፈጥናል። ኩርባ መጣ። መሪውን አቅፎ በመላ አካሉ ዞረ፤ የግራ ጎማው ጠጠር ወደ ገደሉ ረጨ። የጠጠሩን መውደቅ ማንም እንዳይሰማው በሆዱ ለመነ።

ጂፗ ተነሣች። ድምፁ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ መፍለጫው፣ ወጣ፣ ሳሳ፣ ጠፋ።

«ሄዱ» አሉ አማቱ በሹክሹክታ። ወዲያው ደግሞ ጮክ ብለው «ያዘው! ያዘው እንጂ!»

ከፊታቸው የመጨረሻው ኩርባ ነበር፣ ከመጠን በላይ ፈጥነውም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የሚቃጠል ጎማ ሸተተ፤ አልበቃም። ሁለተኛ ማርሽ በኃይል አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ በግድ ዞረ፣ ተነጫነጨ፣ መኪናው በአፍንጫው ሊተከል ምንም አልቀረው፤ ሁለቱም ወደ ፊት ተወረወሩ። ኩርባውን በጎናቸው ዞሩት። ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተነሣ። ከታች ወንዙ በፀሐይ መግቢያ ብርሃን ያብለጨልጫል፤ ከወንዙ ዳር የጣቢያዋ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከበሩም ላይ ሁለት እጁን የሚያወናጭፍ ሽማግሌ ዘበኛ።

«በሕይወት አለች!» ይላል ዘበኛው፤ ከሩቅ ይሰማል። «በሕይወት አለች፣ ፍጠኑ!»

አማቱ መኪናው ሳይቆም ወረዱ።

መካኒኩ በር ላይ ቀረ። ሚስቱ ወንዝ ከምትመዘግብበት ጠረጴዛ አጠገብ አልጋው ላይ ነበረች፤ ፊቷ በላብ ተነክሯል። አየችውና «መጣህ» አለች፤ ሌላ ምጥ መጣና ቃሏን ወሰደው። አማቱ ክርናቸው ድረስ እየታጠቡ «ወይ ግባና እጇን ያዝ፣ ወይ በሩን ዝጋ» አሉ። ገባ። የተቃጠለውን እጁን ይዛ ስትጨምቀው ዓይኑ ብልጭ አለ፤ አላወጣውም።

«አሁን አትግፊ» ይላሉ አማቱ። «ተንፍሺ። እንደሱ። ቀስ። አሁን!»

ልጅቷ ከጀንበሯ መጥለቅ ጋር እኩል መጣች። ትንሽ ነበረች፤ በአያቷ አንድ መዳፍ ላይ ትበቃለች። አላለቀሰችም። አዋላጇ አገላብጠው ጀርባዋን አሹ፣ አፏን በጣታቸው ጠረጉ፣ አፋቸውን አፏ ላይ አድርገው እፍ አሉ። የወንዙ ድምፅ በመስኮት ይገባል። ሚስቱ «ለምን አታለቅስም? እማዬ፣ ለምን አታለቅስም?» ትላለች። መካኒኩ በሕይወቱ አንድ ድምፅ እንዲህ ናፍቆ አያውቅም።

እፍ። እንደገና እፍ።

ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ፤ ቀጥሎ ትልቅ፣ ቁጡ፣ ክፍሉን የሞላ ለቅሶ።

«እሰይ!» አሉ አማቱ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «እሰይ የኔ እመቤት፣ ጩኺ!» እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ሚስቱም፣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛም። መካኒኩ ግንባሩን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጣለ።

ከአፍታ በኋላ አማቱ ተነሥተው የልጃቸውን ደም አይተው፣ ሆዷን ዳስሰው፣ ደህና መሆኗን ሲያረጋግጡ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

«ምን አሉኝ?»

«የማሞቂያ ሳጥን የለኝም። እናቷ ደክማለች፤ ዛሬ አንተ ነህ ሳጥኑ። ተጋደም።»

ተጋደመ። ልጅቷን እርቃኗን ደረቱ ላይ አስተኙለት፤ በብርድ ልብስ ሸፈኗቸው። ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ትንፋሿ ቆዳው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። የተቃጠለ ጣቱን አማቱ ቅባት ቀብተው ሲጠቀልሉለት ሳያንቀሳቅሳት ዘረጋላቸው።

«መኪናውስ?» አሉት።

«ቱርቦው ሞቷል መሰለኝ።»

«ታዲያ በምን እንመለሳለን?»

«ይመልሰናል፤ ቀስ እያለ።» ትንሽ አሰበ። «ጠዋት ዘበኛው በሬዲዮ ለዱር ጠባቂዎች ይንገር። ስለ ግንዱ። ከዚያ ማርሚታ የምሠራበት ቆርቆሮ ይጠይቁልኝ።»

አማቱ ወንበር ሳብ አድርገው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ፣ አቧራ የጠጣ ነጭ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። ሚስቱ እንቅልፍ ወስዷታል። ውጪ ወንዙ ይወርዳል።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን፣ እማማ?»

«ብትተኛ እንዳታንኮራፋ።»

መካኒኩ ሳቁ መጣበት፤ ደረቱ ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ ትነቃለች ብሎ ደንግጦ ትንፋሹን ያዘ። አልነቃችም። ከንፈሯን አንዴ መጠጥ አድርጋ፣ ወደ ልቡ በኩል ጠጋ ብላ እንቅልፏን ቀጠለች።